ያላላሁት ፊደል

መምህራችን ከአዲስ አበባ ተመድበው ቢቸና ሲወርዱ አልጋ እንኳ አልያዙም፤ አኮርዲዮን ግን ይዘው ነበር። ከአኮርዲዮኑ ሌላ በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም፣ ጥቅል ወረቀትና ለትያትር የሚሆን አንድ ሣጥን ሙሉ አሮጌ ልብስ አመጡ። የከተማው ሰው ዕቃው ከመኪና ሲወርድ ከቦ አየና፣ «መንግሥት አስተማሪ ላክሁ ብሎ አዝማሪ ሰደደብን» አለ። አባቴ ይህችን ቀልድ ራት ላይ ሦስት ጊዜ ደገማት።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ዓመት ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ነውና ነገር በቀጥታ መናገር አይሆንለትም። ቤታችን ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ ሰምና ወርቅ ነበረው። እኔ ሴት ስለሆንሁ ቅኔ ቤት የሚልከኝ አልነበረም፤ ጆሮ ግን ማን ይከለክላል? ጓደኞቹ መጥተው ሲቀኙ በር ሥር ተቀምጬ፣ አንድ ፊደል ሲጠብቅ አንድ ነገር፣ ሲላላ ሌላ ነገር የሚሆንበትን መንገድ ለቀምሁ። በዐሥራ አራት ዓመቴ የሰውን ንግግር ትቼ ከንግግሩ ሥር ያለውን የማደምጥ ልጅ ሆንሁ። ይህ ዕውቀት ደግ አላደረገኝም። ክፉ ልጅ ነበርሁ። ዛሬ እማማ እያሉ ጉልበቴ ላይ የሚወጡት የልጅ ልጆቼ አያምኑም እንጂ።

መምህራችን ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ለከተማው ልጆች የጥበብ ክበብ ከፈቱ። ሥዕል፣ መዝሙር፣ ትያትር፣ የእጅ ሥራ፤ የጃንሆይ ፎቶግራፍ በተሰቀለበት ትልቁ ክፍል ውስጥ ወንበሩን ወደ ግድግዳ እየገፋን የማናደርገው ነገር አልነበረም። ወላጆች አጉረመረሙ። ልጅን ለፊደል እንጂ ለጭፈራ ማን ላከ? በዓመቱ አጋማሽ ላይ ግን መምህራችን አንድ ወሬ ይዘው መጡና ሁሉም ዝም አለ። አዲስ አበባ ካለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጋር ተጻጽፈው፣ ማደሪያና ቀለብ ያለው ቦታ ለአንድ ልጅ አስፈቅደዋል። ለአንድ ብቻ።

ያን ቦታ እንደ ውሃ ጥም ፈለግሁት። ሙዚቃ ወድጄ አይደለም። በዚያው ሰሞን ቤታችን ሽማግሌ መመላለስ ጀምሮ ነበር፤ ሊያገባኝ የፈለገው ሰው የጁቤ አካባቢ ሰፊ መሬት ያለው፣ በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት የሚያንስ ነው። እናቴ ሽማግሌዎቹ በመጡ ቁጥር ነጠላዬን እያስተካከለች ወደ ጓዳ ታስገባኛለች። ከቢቸና መውጫ በር ካለ ያ ቦታ ብቻ ነበር።

በሩ ላይ ግን አንዲት ልጅ ቆማለች። በዚያው ዓመት ከሞጣ መጥታ ሰባተኛ ክፍል የገባች፣ ከገበያው ጀርባ ጠላ ከምትሸጥ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች ልጅ ናት። አባቷ ወታደር ነበር፣ ኦጋዴን ሞተ፤ እናቷ ሞጣ እህል ትነግዳለች፤ እንዲህ ነበር የምትለው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ስለ ቦታው ከተነገረን በኋላ ክበቡ በመጣች የመጀመሪያ ቀን መምህራችን «እስቲ አንቺ» ሲሏት ቆመች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፣ ዘፈነች። ድምፅዋን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ይህን ያህል ልበል፤ መምህራችን አኮርዲዮናቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ መጫወት ረሱ። ቦታው የማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ብልጥ ነበርሁና ጓደኛ አደረግኋት።

አንድ ቅዳሜ መምህራችን ከወንዝ ዳር ጭቃ አስመጥተው፣ «የፈለጋችሁትን ሥሩ» አሉን። እኔ በግ ጀመርሁ፤ ውሻ ሆነ፤ ከዚያም ከውሻነቱ ወጣ። የሞጣዋ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ እጇ ግን ለብቻው ይሠራል። ጭቃውን እንደ ገመድ አንከባለለው፣ ጠመጠመው፣ አውራ ጣቷ ውሃ ነክቶ አለሰለሰው። መለስ ብዬ ሳይ አንገትና ከንፈር ያለው ትንሽ እንስራ ጉልበቷ ላይ ቁጭ ብሏል። ያን ጊዜ እሷም ወደ እጇ ተመለከተች። ክው አለች። በጡጫዋ ደፈጠጠችው፤ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

እንዲህ ያለ እንስራ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ አትሠራም፤ የእህል ነጋዴ ልጅም አትሠራም። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ጠይብ እንለዋለን፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል እንላለን። በሠራው ድስት ወጥ እንሠራለን፣ በሠራው እንስራ ውሃ እንቀዳለን፤ ከእሱ ጋር ግን ከአንድ መሶብ አንቆርስም። ይህን የነገረን የለም፤ ከጡት ጋር የጠባነው ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዘችኝ። «እናቴ ናት» አለች፤ «ሞጣ ገበያ ሸክላ ትሸጣለች። አባቴም ወታደር አልነበረም። ከታወቀብኝ አክስቴ ጠላዋን የሚጠጣላት አታገኝም፤ እኔም ትምህርቴ ያከትማል። እታለም፣ እባክሽ።»

ማርያምን ብዬ ማልሁላት። መሐላው እንዲጠናም ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የሰጠችኝን ቆሎ ተቀብዬ እያየችኝ በላሁ። አለቀሰች። ማንነቷን ከሚያውቅ ሰው ጋር አብራ ስትበላ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ያን ቀን የማልሁት ከልቤ ነበር። ለሁለት ወር ያህልም ከልቤ ሆኖ ቆየ።

ግንቦት ላይ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት ሆነ። የጁቤው ሰው ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ሊመለሱ ቀጠሮ ያዙ፤ መምህራችንም ቦታው ለሞጣዋ ልጅ መሆኑን ነገሩን። ስለ እሷ ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የጻፉትን ደብዳቤ አባቴ መሥሪያ ቤት ባለችው የጽሕፈት መኪና አስተይበውታል። ሞጣ አዲስ የትምህርት ቤት ሕንፃ ይመረቃል፤ ክበባችን ተጋብዟል፤ እዚያ በአውራጃው ገዥ ፊት ትያትር ካሳየን በኋላ ደብዳቤው በአደባባይ ይሰጣታል። ልጅቱ ሞጣ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። መምህራችን ደስታ መስሏቸው አቀፏት።

ትያትሩ እናትና ልጅ ስለ ሥራ ክቡርነት የሚነጋገሩበት ነበር። የዚያን ዘመን ትያትር ሁሉ ስለ ሥራ ክቡርነት ነበር። የመዝጊያውን ዘፈን ግጥም እንድጽፍ መምህራችን ያዘዙት እኔን ነው፤ «አንቺ ቃል ታውቂያለሽ» አሉኝ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ጻፍሁት። ሌላውን ስንኝ ረስቼዋለሁ፣ ለሽፋን የተጻፈ ነውና፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ልርሳ ብልም አልችልም።

እናቴ ስትነግረኝ ከልጅነት ጀምራ፣
ሙያችን አንድ ነው፣ ነይ ልጄ እንሥራ።

መምህራችን አነበቡና ጠረጴዛውን መቱት። «ይኸው! ሥራ፣ አንድነት፣ የእናት ምክር!» አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው፤ ቃሉን በዓይናቸው ነው ያነበቡት። «እንሥራ» ሲባል «ን» ጠብቆ ከተነገረ በጋራ ሥራ እንሥራ ማለት ነው። «ን» ላልቶ ከተነገረ ግን ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት ሸክላ ነው። ጠብቆ የእናት ምክር፤ ላልቶ የሸክላ ሠሪ ልጅ የዘር ሐረጓን ስትቆጥር።

ልጅቱ በልምምዱ ቀን አጥብቃ ዘፈነችው። እንደዚያ ብትዘፍነው ምንም የለበትም ነበር። እኔ ነኝ ጎኗ ሄጄ ጆሮዋ ሥር የነገርኋት። «ን ስታጠብቂው ዜማው ይሰበራል፤ አላልተሽ እለፊው» አልኋት። ሞከረችው፤ እውነትም ዜማው ለሰለሰ። «እንደዚህ?» አለች። «እንደዚህ» አልሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አለማመድኋት። ሞጣ እናቷን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ይበቃል፤ ወሬው በራሱ እግር ቢቸና ይገባል፤ እኔ አንድም ቃል ሳልተነፍስ መሐላዬም ሳይፈርስ። በዚህ ብልጠቴ ኮርቼ እንደነበር አልደብቅም።

በጭነት መኪና ሄድን። ከላይ ተጭነን፣ አቧራ እየቃምን፣ በአንዲት ጣሳ ውሃ እየተቀባበልን። የሞጣዋ ልጅ መሃላችን ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍናለች። «እናቴን እንዳትመጣ ልኬባታለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። ጣሳውን ከእጇ ተቀብዬ ጠጣሁ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ጢም ብሎ ነበር። ከፊት የአውራጃው ገዥና ሹማምንቱ፣ በቀኝ ካህናቱ፣ በግራ ጥምጣምና ኮፍያ ያደረጉ የሞጣ ነጋዴዎች፣ ከኋላ ከገበያ ግልብጥ ብሎ የመጣ ሕዝብ። ትያትሩ ደህና ሄደ። ከዚያ መድረኩ ጫፍ ላይ ብቻዋን ቆመች። መምህራችን አኮርዲዮኑን ሳቡት። ዘፈነች፤ ግቢው ጸጥ አለ። እኔ እንኳ ለአፍታ ያሰብሁትን ረሳሁ። ያ ድምፅ እንደዚያ ነበር።

ሁለቱ ስንኞች ላይ ደረሰች። ካህናቱ መሃል የተቀመጡ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ራሳቸውን ቀና አደረጉ፤ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ጥርስ የሌለው አፋቸው ተከፈተ። «ይበል!» አሉ። ጥሩ ቅኔ ሲሰማ የሚባለው ይኸው ነው። አጠገባቸው ያሉትም ገባቸውና «ይበል! ይበል! ይደገም!» አሉ። ገዥው ወደ ጸሐፊያቸው ጎንበስ ሲሉ ጸሐፊው ተረጎመላቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ወደ ኋላ ሄደ። እሷ ግን አልገባትም። ቅኔ ከማን ተምራ? የተመሰገነች መሰላት። ከአፏ ላይ እጇን አነሣች፤ ስትስቅ ጥርሷን ሙሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ይደገም ስላሏት ደገመችው፤ ከበፊቱ አስረዝማ፣ ከበፊቱ ይበልጥ አላልታ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ እልልታ ተሰማ።

እናቷ ነበረች። ልጇ ቅሪብኝ ብላ የላከችባትን መልእክት ተቀብላ፣ ከሩቅ ብቻ ላያት ብላ ከአጥሩ ኋላ ቆማ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ይበል ሲል፣ ገዥው ሲስቁ፣ ልጇ ስትመሰገን ሰምታ አልቻለችም። «ልጄ ናት! የኔ ልጅ ናት!» አለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ዞር ብሎ አየ። ሴትየዋ ያልተሸጡ ሁለት እንስራ በገመድ አስራ ጀርባዋ ላይ አዝላለች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳቅ ልነግራችሁ አልፈልግም። አንድ ሰው «ወርቁ በእግሩ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ካህናቱ እየተደገፉ ሳቁ፤ የገበያው ሰው ከሴትየዋ አጠገብ ሸሸ፤ ከክበባችን ልጆች አንዷ ጮክ ብላ «ቡዳ!» አለች። የሞጣዋ ልጅ መድረኩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ወደ እናቷ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች። ከንፈሯ ቃሉን ያለ ድምፅ ሲለው አየሁ፤ አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ አላልቶ። ከዚያ ከመድረኩ ወርዳ ሄደች።

የሞጣው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለመምህራችን የግጥሙን ወርቅ ፈቱላቸው። የማውቃቸው መምህር ያን ቀን ከቁመታቸው ያጠሩ መሰለኝ። «የፊደል አደጋ ነው» አሉኝ ወደ እኔ መጥተው፤ «ስትጽፊው አላሰብሽውም፣ አይደለም?»

«አላሰብሁትም፣ ጋሼ።»

«ሸክላ ሠሪ ብትሆን ምን ይሁን! እኔ ድምፅዋን ነው የምፈልገው። እኔ ገዥው ግብር ጠርተውኛል፣ መቅረት አይቻልም። ጓደኛዋ አንቺ ነሽ፤ ሂጂና ንገሪያት። ቦታው የሷ ነው፣ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት መኪናው ከመነሣቱ በፊት ትምጣ፤ ቢቸና ሳታድር በቀጥታ አዲስ አበባ አደርሳታለሁ።»

እየጠየቅሁ ሄድሁ። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ብቻውን ነው። እናቷ በር ላይ ተቀምጣለች። «የልጄ ጓደኛ ነሽ?» አለችኝና ተነሣች፤ የምትቀመጥበትን በርጩማ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ትኩስ ቂጣ በቅቤ አቀረበችልኝ። የእናቴ እኩያ ናት፤ እኔ ግን አንቱ አላልኋትም። «አንቺ ተዪው፣ ጾመኛ ነኝ» አልኋት። ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ በሃምሳው ቀን ውስጥ ጾም እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። ሴትየዋም ታውቃለች። ቂጣውን መልሳ ከደነችው። «ይሁን፣ የኔ እመቤት» አለች።

ልጅቱ ከውስጥ ወጣች። ዓይኗ ደርቋል።

«የግጥሙን ደርሼበታለሁ» አለች። «የግጥሙን ልተውልሽ እችላለሁ። ጋሼ ምን አሉ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መመለስ ይቻል ነበር። የተላክሁትን መልእክት ብቻ ማድረስ ነበረብኝ። የጁቤውን ሰው አሰብሁ፤ ያንን ሳቅ አሰብሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ዜማውን አሰብሁ፣ ያንን ከእኔ የማይወጣ ዜማ። «ጋሼማ» አልሁ፣ «ትምህርት ቤቱ የጠይብ ልጅ አይቀበልም ብለዋል።»

«ከአፋቸው አውጥተው?»

«ከአፋቸው አውጥተው።»

እዚያው በር ላይ ቁጭ አለች፤ እናቷ ሥር። እንደዚያ ስትቀመጥ ለካ ትንሽ ልጅ ናት። እናቷ ራሷን እየዳሰሰች ቀና ብላ አየችኝ፤ «እዚህ ድረስ ደክመሽ ስለነገርሽን እግዜር ይስጥልን» አለችኝ።

ለመምህራችን እናቷ አልፈቅድም ማለቷን ነገርኋቸው። ጠዋት ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ እየተነጫነጨ እንኳ አላመኑም፤ መንገዱ ዳር ቆመው ብዙ ጠበቁ። መኪናው ላይ ልጆቹ የውሃዋን ጣሳ ማን ይንካት እያሉ ተጣሉና በመጨረሻ ወደ ገደል ወረወሯት። ውሃ ሳንጠጣ ቢቸና ገባን።

አባቴ ወሬውን ከእኔ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የእኔ ነው አልሁት። ስንኙን ለራሱ አጉተመተመው። ከዚያ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሴት ልጁ፣ «ይበል!» አለ። ለየጁቤዎቹ ሽማግሌዎችም ልጄ ለትምህርት ነው የተፈጠረችው ብሎ መለሳቸው። መምህራችን ቦታው ከሚባክን ብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ ደብዳቤውን አባቴ ስሙን ብቻ ለውጦ እንደገና ተየበው።

አዲስ አበባ የፈተኑኝ መነጽር ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፒያኖው ፊት አቆሙኝና ዘፈንሁ። ሳልጨርስ እጃቸውን አነሡ። ደብዳቤውን አወጡ፤ አነበቡት፤ ወደ እኔ አዩ፤ እንደገና አነበቡት፤ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብለው። መምህራችን ስለዚያች ልጅ የጻፉት ሁሉ ቃል ሳይጎድል እዚያ ነበር፤ የድምፅዋ ስፋት፣ ሰው ፊት ስትቆም ዓይኗን መሬት መትከሏ፣ በሃያ ዓመት ማስተማር አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥም ልጅ መሆኗ።

ሽማግሌው ወረቀቱን አስቀመጡና በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ ይህ የተጻፈው ስላንቺ አይደለም» አሉኝ። «አትፍሪ፣ አልቆጣሽም። ይህች ልጅ የት ናት? ሰው ልኬ አስመጣታለሁ።»

እውነቱ ሁለት ቃል ነበር። ሞጣ ናት። ለመናገር አፌን ከፈትሁ።

«ሞታለች» አልሁ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር» አሉ፤ እኔም አብሬያቸው ነፍስ ይማር አልሁ።